ፍላሹ ነፃ ነው፤ ሥዕሉስ?

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ኪቦርድ ለመንካት መጀመሪያ እጅን በሻይ ብርጭቆ ማሞቅ ያስፈልጋል። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ብርዷ ቀልድ አያውቅም። ባለፈው ሰሞን ጋቢዬን እንደተከናነብኩ አንድ የሠፈር ልጅ ኮምፒውተር የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። የሄድኩት ለቻርጀር ነበር። ልጁ ግን ቻርጀሩን ተቀብሎ ወደ ጎን አደረገና አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ወደ እኔ አዞረ።

«ጋሼ፣ ይችን አንዴ ይዩልኝ።»

የራሱን ሊኑክስ፣ ማለት በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ሥርዓት፣ ሠርቷል። ከባዶ ተነስቶ አይደለም፤ እንደዚያ የሚሠራ ብዙም የለ። ዴቢያን የሚባለውን የታወቀ ሊኑክስ መሠረት አድርጎ የአማርኛ ኪቦርድ፣ የግዕዝ ፎንቶች፣ ሊብሬ ኦፊስና ለተማሪ የሚሆኑ ጥቂት ፕሮግራሞች ጨምሮ አንድ ፍላሽ ላይ አጭቆታል። ዊንዶውስ መሸከም ያቃታቸው አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ሊጭነው ነው። ክራክ የለ፣ ቫይረስ የለ። ፍላሹን ለፈለገ ሁሉ ሊያድል አስቧል። ጎሽ አልኩት።

ፓስወርድ የሚጠይቀው ገጽ ላይ አንዲት ሰማያዊ ዳይኖሰር ዓይኗን አፍጥጣ ትስቃለች። አሻንጉሊት ናት። ጥርት ያለች፣ ጥላዋ ሳይቀር በሙያ የተሠራ። ከአንድ ፊልም ፖስተር ላይ እንደተቆረጠች ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ላፕቶፑን ትንሽ ሳንነካው ስንቆይ ደግሞ ስክሪኑ ጠቆረና አረንጓዴ ፊደሎች ከላይ ወደ ታች መዝነብ ጀመሩ። ሀ፣ ጨ፣ ቋ፣ ጰ... አንዳንዶቹ ተገልብጠዋል።

«የዳይኖሰሯ ሥዕል የማን ነው?» አልኩት።

«የዴቢያን ነዋ! 13ኛው ዴቢያን ትሪክሲ አይደል የሚባለው? ትሪክሲ ማለት እኮ እቺ ናት።»

የፊልም ኩባንያው ሥዕል እንደሆነ ስነግረው ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «ዴቢያን ስሟን ወስዶ የለ? እኔ ሥዕሏን ብወስድ ምን አለበት?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ከፊልም ጋር ያላቸው ፍቅር የቆየ ነው። ዎልፔፐር፣ ስክሪን ሴቨር፣ አይከን፣ ሎጎ ከፊልም መንፈስ ሲቀዳ ኖሯል። የትኛው ያስኬዳል፣ የትኛው ያስጠይቃል የሚለው ላይ ግን ብዙ ሰው ግራ እንደተጋባ ነው።

ከስሙ እንጀምር። ዴቢያንን ኢያን መርዶክ የጀመረው በ1993 ነው። (የውጭ አገር ነገር ስጠቅስ ዓመቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።) በ1996 ፕሮጀክቱን ይመራ የነበረው ብሩስ ፔረንስ እንጀራውን የሚበላው ፒክሳር የሚባል የካርቱን ፊልም ኩባንያ ውስጥ ነበር። ፒክሳር ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቶይ ስቶሪን፣ ያን የአሻንጉሊቶች ፊልም፣ አውጥቷል። ስለዚህ የዴቢያን እትሞች በአሻንጉሊቶቹ ስም ይጠሩ ጀመር። በዝ፣ ሬክስ፣ ቦ፣ ሃም፣ ስሊንክ፣ ፖቴቶ፣ ዉዲ እያለ ይሄዳል። በኦገስት 2025 የወጣው 13ኛው እትም ትሪክሲ ነው። ሁልጊዜ በሙከራ ላይ ያለው፣ ነገር የሚሰበርበት ክፍል ደግሞ ሲድ ይባላል። ሲድ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት እየገነጣጠለ የሚያሰቃየው የጎረቤት ልጅ ነው። ከሁሉም ስያሜ ይቺን እወዳታለሁ፤ ማስጠንቀቂያም ቀልድም ናት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዴቢያን ምን ወሰደ? ቃል ብቻ። «ፖቴቶ» ድንች ነው። ድንችን ማንም የእኔ ነው ሊል አይችልም። የቅጂ መብት አንዲት ቃልን ወይም አጭር ስምን አይጠብቅም። ስምን የሚጠብቀው ሌላ ሕግ ነው፤ የንግድ ምልክት ሕግ። እሱ ደግሞ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ገዢው ይደናገራል ወይ? ዴቢያንን አውርዶ ካርቱን ለማየት የሚጠብቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስም ሁልጊዜ ሰላም ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሊንዶውስ የሚባል ሊኑክስ ነበር። ከማይክሮሶፍት ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተጓተቱ። በመጨረሻ በ2004 ማይክሮሶፍት ራሱ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ስሙን አስቀየረው። ከሳሹ ከፋይ ሆነ፤ እንዲህም ያጋጥማል።

እንግዲህ ዴቢያን ስሙን ወሰደ እንጂ አሻንጉሊቷን ከነመልኳ አልወሰደም። የትሪክሲን እትም በንጹሁ የጫነ ሰው የሚያየው ዎልፔፐር ሴራቶፕሲያን ይባላል፤ ኤሊዝ ኩፐር የምትባል ሠዓሊ የሠራችው ነው። ስሙ የባለ ቀንድ ዳይኖሰሮች ወገን ስም ነው። ፍንጩ አለ፤ ፊልሙን የሚያውቅ ፈገግ ይላል። ዓይኗን ያፈጠጠችው አሻንጉሊት ግን የለችበትም። የልጁ ዴቢያን ላይ ይህ ዎልፔፐር አብሮ መጥቶ ነበር። እሱ አጥፍቶ ነው የፖስተሯን የተካው።

ቶሎ እንዳንፈርድበት ግን ስክሪን ሴቨሩን እንይ። የሚዘንቡት አረንጓዴ ፊደሎች ከማትሪክስ ፊልም እንደመጡ ማንም ያውቃል። ፊልሙ የወጣው በ1999 ነው። በዚያው ዓመት ሲማትሪክስ የሚባል በጥቁር ተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት ገጽ) ላይ ፊደል የሚያዘንብ ትንሽ ፕሮግራም ተጻፈ። ጄሚ ዛዊንስኪ ከ1992 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ኤክስስክሪንሴቨር ውስጥም ጂኤልማትሪክስ አለ፤ መግለጫው ላይ የፊልሙ ስም በግልጽ ተጽፏል። ዴቢያንም፣ ሌላው ሊኑክስ ኡቡንቱም እነዚህን ያለ ምንም መሸማቀቅ ያሰራጫሉ። የፊልሙ ፊደሎች ራሳቸው ከየት መጡ? የቀረጻቸው ሳይመን ዋይትሊ ከባለቤቱ የጃፓን ምግብ መጽሐፍ እንደወሰዳቸው ተናግሯል። ያ ሁሉ ምስጢር የሱሺ አሠራር ነው! እንደ ዶሮ ወጥ አሠራር በሉት።

ታዲያ የሚዘንብ ፊደል ሲፈቀድ የፖስተር ዳይኖሰር ለምን ይከለከላል? የዚህ ጉዳይ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው። የቅጂ መብት ሐሳብን አይጠብቅም፤ ሐሳቡ የተገለጠበትን ሥራ ነው የሚጠብቀው። የእኛም ሕግ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ይህንኑ ይላል። አንቀጽ 5 ሐሳብን፣ ዘዴን፣ የአሠራር ሥርዓትን፣ መርሕን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። «ፊደል በጥቁር ላይ ይዝነብ» ሐሳብ ነው። ልጁ የፊልሙን አንድም ፍሬም አልቀዳም። ፊደሉ የእኛው፣ ኮዱን የጻፈው እሱ፣ የቀረው አረንጓዴ ቀለም ነው። አረንጓዴ ቀለም ደግሞ ሐምሌ ላይ ሰሜን ሸዋን የዞረ ሰው ሁሉ ያለው ነው።

ዳይኖሰሯ ግን ሐሳብ አይደለችም። አንድ ሰው፣ እንዲያውም ብዙ ሰው፣ ተቀምጦ የሠራት ሥዕል ናት። «ባለ ቀንድ ሰማያዊ ዳይኖሰር» ብሎ ማንም የራሱን መሣል ይችላል። እሷን እሷ የሚያሰኛት አፍንጫዋ፣ የዓይኗ አቀማመጥ፣ አሳሳቋ ነው። ገልብጦ መውሰድ ቀርቶ እያዩ በእጅ ደግሞ መሣልም አያድንም። በተለይ ገጸ ባሕርይ ሲሆን ነገሩ ጠበቅ ይላል። በ2015 አሜሪካ ውስጥ ማርክ ታውል የሚባል ሰው የባትማንን መኪና፣ ባትሞቢልን፣ አስመስሎ እየሠራ በመሸጡ ተረታ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መኪናዋ ራሷ ገጸ ባሕርይ ናት አለ። በየፊልሙ መልኳ ቢለዋወጥም ማንም አይቶ የሚለያት፣ የራሷ ጠባይ ያላት ናትና። መኪና ይህን ያህል ከተከበረች ፊት ያላት፣ የምትስቅ ዳይኖሰርማ...

በስክሪን ሴቨር ጉዳይ እንኳ አንድ የቆየ ክስ አለ፤ ሳስታውሰው ያስቀኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፍተር ዳርክ የሚባል ስክሪን ሴቨር ገበያውን ተቆጣጥሮት ነበር። ክንፍ ያላቸው ቶስተሮች፣ ዳቦ መጥበሻዎች ማለት ነው፣ በስክሪኑ ላይ ይበራሉ። ሌላ ኩባንያ ደልሪና መጣና የራሱን ስክሪን ሴቨር አወጣ። በእሱ ላይ ኦፐስ የሚባል የካርቱን ፔንግዊን እነዚያን ባለ ክንፍ ቶስተሮች እየተኮሰ ይጥላል። ደልሪና «ቀልድ ነው፣ ስላቅ ነው» አለ። ፍርድ ቤቱ በ1993 አልተቀበለውም። ታዲያ ደልሪና ምን አደረገ? ክንፎቹን ነቅሎ ፕሮፔለር ገጠመላቸው። ሽያጩ ቀጠለ። የሚበር ቶስተር ሐሳቡ የማንም አይደለም፤ ያ ክንፍ ያለው ቶስተር ግን የአፍተር ዳርክ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንዲት ፕሮፔለር ናት። በነገራችን ላይ ጄፈርሰን ኤርፕሌን የተባለው የሙዚቃ ቡድን ደግሞ «ባለ ክንፍ ቶስተር መጀመሪያ የእኛ አልበም ሽፋን ላይ ነበር» ብሎ የአፍተር ዳርክን ሠሪዎች ከሶ ነበር። አልቀናውም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ እኔን ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ የሚከሰኝ ማን ነው?»

እውነቱን ነው። ፊልም በየሱቁ ፍላሽ ላይ እየተገለበጠ ባደግንበት አገር ስለ አንዲት ዎልፔፐር መጨነቅ የሞኝ ሥራ ሊመስል ይችላል። አዋጁም ቢሆን የውጭ አገር ሥራን የሚጠብቀው በአገራችን ቀድሞ ሲታተም ወይም አገራችን የፈረመችው ስምምነት ሲያስገድድ ነው። ስለዚህ «እከሰሳለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚህ ሱቅ ውስጥ ብዙ የሚያስደነግጠው ነገር አያገኝም። ልጁ ፍላሹን ብቻ ሳይሆን ፋይሉን ኢንተርኔት ላይም ሊጭነው እንዳሰበ ነግሮኛል። ያኔ ፋይሉ የሚቀመጠው አሜሪካ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። እዚያ ከ1998 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት የመብቱ ባለቤት አቤት ሲል ፋይሉን ያስቀመጠው ድርጅት ያወርደዋል። አንዲት ሥዕል የወራት ሥራን ይዛ ትወርዳለች። አደጋው ይህ ነው፤ እስር ቤት አይደለም።

ለእኔ ግን ዋናው ጉዳይ ክሱ አይደለም። ቃል ነው። ልጁ ፍላሹ ላይ «ነፃ ሶፍትዌር» ብሎ ጽፏል። ነፃ ማለት እዚህ ላይ ገንዘብ አይከፈልበትም ማለት ብቻ አይደለም። ፍላሹን የተቀበለ ሰው መገልበጥ ይችላል፣ ማደል ይችላል፣ ሊለውጠው ይችላል፣ ሊሸጠውም ይችላል ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ ሰው ይህን ፍላሽ ተቀብሎ መቶ ገልብጦ ቢሸጥ መብቱ ነው፤ ልጁ ራሱ ሰጥቶታል። ዳይኖሰሯንስ? እሷን የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም። የሌለውን ሰጠ። የሸዋ ሮቢቱ ሰው የተነገረውን አምኖ የማያውቀው ዕዳ ውስጥ ገባ።

እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መንዝ ውስጥ ጓሳ አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን ነው፣ ለገመድ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት በሚባለው ሕዝቡ በጋራ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል። ሲከፈት ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ሲዘጋ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ጨርሶ አልተወውም፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ጓሳ የጋራ ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ከግል መሬት ይልቅ ደንብ ይበዛበታል። ነፃ ሶፍትዌርም እንደዚያ ነው። የፊልም ሥዕልን እዚያ ውስጥ ማስገባት የጎረቤትን በሬ ጓሳ ላይ ለቆ «ይኸው፣ ይሄም የጋራ ነው» እንደማለት ነው። ሣሩን ማጋራት ይቻላል። በሬው ግን ጌታ አለው።

የዴቢያን ሰዎች በዚህ ነገር ግትር የሆኑት ለዚህ ነው። በ1997 ያወጡት የነፃ ሶፍትዌር መመሪያ አለ። ከነጥቦቹ አንዷ በጣም ትገርመኛለች፦ ፈቃዱ ለዴቢያን ብቻ የተሰጠ መሆን የለበትም ትላለች። ይህ ማለት የፊልም ኩባንያው ነገ ተነስቶ «እናንተ ጎበዞች ስለሆናችሁ ሥዕሏን ተጠቀሙባት» ቢል እንኳ አይበቃም። ከእነሱ እጅ የሚቀበለው ሰውም ያው መብት ከሌለው ስጦታው ይቀራል። «ለትምህርት ብቻ» የሚል ፈቃድም አያልፍም፤ «ለንግድ አይሆንም» የሚለውም እንዲሁ። ብዙ ልጆች ኢንተርኔት ላይ «ነፃ» የሚል ሥዕል ሲያገኙ እዚህ ጋ ይሳሳታሉ።

ግትርነታቸው ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት የፋየርፎክስን ታሪክ ማንሳት ይበቃል። የብራውዘሩ ኮድ ነፃ ነበር። ሎጎው፣ ያቺ ዓለምን የተጠመጠመች ቀበሮ፣ ግን ነፃ አልነበረችም። ዴቢያን ሎጎውን አውጥቶ ስሙን አስቀረ። የብራውዘሩ ባለቤት ሞዚላ ደግሞ «ስሙን ከፈለጋችሁ ከነሎጎው፣ አለዚያ ሁለቱንም ተዉ» አለ። በ2006 ዴቢያን ብራውዘሩን አይስዊዝል ብሎ ሰየመው። እሳታማዋ ቀበሮ የበረዶ አውሬ ሆነች ማለት ነው። ስምምነት ላይ ደርሰው የቀድሞው ስም የተመለሰው በ2016 ነው። ለአሥር ዓመት፣ ለአንዲት አይከን! ያኔ እኔም እንደ ብዙ ሰው «ምን ዓይነት ምቀኝነት ነው» እል ነበር። አሁን አሁን ሳስበው ልክ ነበሩ። አይከንን አሳልፈህ ፊልምን መከልከል አትችልም።

ልጁን አንድ ነገር ላሳየው ፈለግሁ። ዴቢያን ላይ ዩኤስአር የሚለው ፎልደር ውስጥ ሼር አለ፤ ሼር ውስጥ ዶክ አለ። እዚያ እያንዳንዱ የተጫነ ፕሮግራም፣ ጥቅል ይሉታል፣ በስሙ ፎልደር አለው። በየፎልደሩ ውስጥ ኮፒራይት የሚባል ፋይል አለ። «ይሄን ከፍተህ ታውቃለህ?» አልኩት። አያውቅም። ማንስ ከፍቶ ያውቃል? የዎልፔፐሮቹ ጥቅል ዴስክቶፕ ቤዝ ይባላል። የእሱን ከፈትን። ሥዕሎቹ ተዘርዝረዋል፤ ማን እንደሠራቸው፣ በየትኛው ፈቃድ እንደተሰጡ ተጽፏል። ወደ ዴቢያን አዲስ ጥቅል ሲመጣ ኤፍቲፒ ማስተር የሚባሉት ፈታሾች ይህን ፋይል ሳያዩ አያሳልፉም። ኮዱ ቢያምር፣ ሥዕሉ ቢያምር፣ ወረቀቱ ካልተሟላ በር ላይ ይቀራል።

ልጁ ወደ ታች እያሸበለለ ብዙ አነበበ። ከዚያ ዝም አለ። የእሱ ዳይኖሰር ስም የላትም። የፋይሏ ስም «ፎቶ 3» ነው።

ፋይሎቹን አንድ በአንድ ማየት ስንጀምር ሌላም ነገር ተገኘ። ለሚዘንበው ፊደል ሁለት ፎንት ተጠቅሟል። አንዱ አቢሲኒካ ነው። እሱ ክፍት የፎንት ፈቃድ አለው፤ ከሶፍትዌር ጋር አብሮ ማደልም መሸጥም ይቻላል፣ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ብቻ ነው የማይቻለው። ሁለተኛው ከቴሌግራም ያወረደው፣ ቀጭንና ቆንጆ፣ ሠሪው የማይታወቅ ፎንት ነው። ፈቃድ የሚል ነገር የለውም። ሰዎች ፈቃድ ያልተጻፈበትን ነገር «ዝም ስላለ ፈቅዷል» ብለው ይወስዱታል። ሕጉ ተቃራኒውን ነው የሚለው። አዋጁ ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ አይጠይቅም። ሥራው በተሠራና በተቀረጸ ሰዓት መብቱ አለ። ዝምታ ማለት አልተፈቀደም ማለት ነው። ፎንቱ ወጣ። ልጁ ከዳይኖሰሯ ይልቅ በዚህ የከፋው ይመስለኛል።

«እሺ፣ በኤአይ አሠራታለሁ» አለ ወዲያው። «የእሷ ዓይነት፣ ግን እሷ ያልሆነች።»

ይሄ የዘንድሮ መፍትሔ ነው። ያልሞከረ የለም። በጁን 2025 ዲዝኒና ዩኒቨርሳል ሚድጆርኒ የሚባለውን ሥዕል ሠሪ ኤአይ ፍርድ ቤት አቁመውታል፤ ገጸ ባሕርያቶቻችንን ያመርታል ብለው። የፊልም ዘይቤ፣ የቀለም ስሜት፣ የአሣሣል ፈሊጥ በራሱ የማንም አይደለም። ግን «የእሷ ዓይነት» ብለህ ያዘዝከው ማሽን እሷኑ መልሶ ቢሰጥህ ማሽን ስለሠራት አትለወጥም። እንደገና ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሰው ያልሠራው፣ ማሽን ብቻውን ያወጣው ሥዕል የቅጂ መብት አያገኝም። የእኔ ነው ብለህ ፈቃድ ልትጽፍበት ብትሞክር የምትጽፍበት መብት ላይኖርህ ይችላል። እኔ በበኩሌ ለነፃ ሶፍትዌር አልመክረውም። የማን እንደሆነ ለማያውቀው ሥዕል ኮፒራይት ፋይሉ ላይ ምን ብሎ ሊጽፍ ነው?

ፊልም የሚወድ ልጅ ፊልም ይተው ማለት ግን አይደለም። በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ፊልሞች አሉ። ብሌንደር የሚባለውን የሦስት አቅጣጫ ሥዕል ሶፍትዌር የሚያዘጋጁት ሰዎች በራሳቸው ሶፍትዌር አጫጭር ፊልም ይሠራሉ። በ2008 ቢግ ባክ በኒን፣ በ2010 ሲንቴልን አውጥተዋል። ፈቃዳቸው ክሪኤቲቭ ኮመንስ ነው፤ የሠሪዎቹን ስም ጥቀስ እንጂ ውሰድ፣ ቁረጥ፣ ሽጥ ይላል። ቢግ ባክ በኒ ላይ ያለው ወፍራም ጥንቸል ለተማሪ ላፕቶፕ ከዳይኖሰሯ ያነሰ አይደለም። የሊኑክስ ፔንግዊን ራሱ፣ ተክስ፣ እንዲሁ ነው የመጣው። ላሪ ዩዊንግ በ1996 ሣለው፤ ስሜንና የሣልኩበትን ሶፍትዌር ጂምፕን ጥቀሱ እንጂ ተጠቀሙበት፣ ለውጡት አለ። ዛሬ የማይገኝበት ቦታ የለም።

ጥንቸሉን አሳየሁት። አየው። ብዙም አልሳበውም። «የአገር ነገር ቢሆን ይሻላል» አለና ስልኩን አወጣ። እህቱ አምና ጓሳ ሄዳ ያነሳቻቸው ፎቶዎች አሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደል አፋፍ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ፣ ጎፈሩ በነፋስ የተበተነ ትልቅ ወንድ፣ በቀጥታ ካሜራውን ያያል። ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት ከሩቅ ታበራለች። ከኋላው ጉም ነው። እውነቱን ልናገር፣ ከማንኛውም ፊልም ፖስተር ትበልጣለች።

«ይሄ የእኛ ነው። አሁን ምን ይላሉ?»

«የእህትህ ነው» አልኩት። ፎቶ የሚነሳው ሰው ሳይሆን የሚያነሳው ነው ባለ መብቱ። በእኛ አዋጅ የፎቶ መብት 25 ዓመት ይቆያል፤ ለሌላው ሥራ እንደ ተለመደው ደራሲው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ነው። «እህቴ እኮ ናት» አለ። እህትም ብትሆን።

«ጭላዳውስ? እሱ ፈቃድ አይጠየቅም?»

የቀለደ መስሎት ነው። እዚህም ላይ ፍርድ አለ! ኢንዶኔዥያ ውስጥ አንድ ዝንጀሮ የዴቪድ ስሌተርን ካሜራ ይዞ ራሱን ፎቶ አነሳ። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች በዝንጀሮው ስም ከሰሱ። በ2018 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንስሳ በቅጂ መብት መክሰስ አይችልም አለ። ጭላዳው ተሰናበተ። እህትየው ቀረች።

እዚያው ደወለላት። ስፒከር ላይ አድርጎ ነበር። ሞላ ጎደል ሁሉን አስረዳት፤ የሸዋ ሮቢቱን ሰው ሳይቀር። ፎቶው ተገልብጦ ሊሸጥ እንደሚችል ሲነግራት ትንሽ ዝም አለች።

«ስሜ ይጻፋል?»

«ይጻፋል። ኮፒራይት ፋይሉ ላይ።»

«እሱን ማን ያነበዋል?» አለች። ልጁ ወደ እኔ ዞር ብሎ ሳቀ። «በቃ ይሁን። ግን ከነአባቴ ስም ጻፍ። በቴሌግራም ጽፌ እልክልሃለሁ፣ ፈቅጃለሁ ብዬ።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ «ፎቶ 3»ን አጠፋና አዲስ የጽሑፍ ፋይል ከፈተ። ጣቱ ደንዝዞበት የእህቱን ስም ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ጻፈው። ቻርጀሬን ለማግኘት ገና ብዙ መጠበቅ ነበረብኝ።